በወንድሜ ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር፦ የዩኤስኤስፔንዲንግ ድረ ገጽ ግምገማ

ታናሽ ወንድሜ ከአፍጋኒስታን ይዞት የተመለሰው አንድ ወረቀት አለ። አራት ቦታ ታጥፎ፣ እጥፋቱ ላይ ተበጣጥሶ፣ ደሴ እናታችን ቤት ከዳዊቷ ጋር በአንድ ፌስታል ተቀምጦ ኖሯል። ባለፈው ክረምት ፎቶ አንሥቶ ላከልኝና «እትዬ፣ አንቺ እዚያው አይደለሽ? ይኼ ቁጥር የማን እንደሆነ እስኪ እዪልኝ» አለኝ። ቁጥሩን ያስገባሁት ዩኤስኤስፔንዲንግ የሚባለው፣ መንግሥት ገንዘቡን ለማን በምን ውል እንደሚከፍል የሚያሳየው የአሜሪካ መንግሥት ድረ ገጽ ላይ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሌሊት ሌሊት እየተቀመጥኩ ስመረምረው ከረምኩ። ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ፤ አምስተኛውን የከለከልኩበትን ምክንያት እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ስለ ራሴ። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂንያ የምኖር ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። 19 ዓመት ሙሉ የታክሲ ነጂዎችን፣ የቡና ቤቶችንና የጽዳት ሥራ የሚሠሩ የአገሬን ልጆች መዝገብ ይዣለሁ። ያለንበት ሰፈር ደግሞ የጦር መሣሪያና የጦር አገልግሎት ነጋዴዎች ደጃፍ ነው። ኖርዝሮፕ ግረመን ዋና መሥሪያ ቤቱ ፎልስ ቸርች፣ ጄነራል ዳይናሚክስ ሬስተን፣ ቦይንግና አርቲኤክስ አርሊንግተን ናቸው። ከደንበኞቼ አንዱ ሃያ ዓመት ታክሲ የነዳ ሰው ነው። ከፔንታጎን በር ላይ በመንግሥት ባጅ ሲያሳፍረው የነበረውን ሰውዬ፣ ሁለት ዓመት ሳይቆይ እዚያው በር ላይ በኩባንያ ባጅ አወረድኩት ብሎ አጫውቶኛል። ሰውዬው ሰላም ብሎት ስለ ልጆቹም ጠይቆታል። ይህ የአንድ መንገደኛ ታሪክ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ ምክር ቤት የሒሳብ መርማሪ መሥሪያ ቤት በ2021 ባወጣው ሪፖርት፣ 14ቱ ትልልቅ የመከላከያ ተቋራጮች በ2019 ብቻ 1,718 የቀድሞ የመከላከያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ኃላፊዎችንና የግዢ ባለሙያዎችን ቀጥረው ነበር። ዘመኑን የምጠራው፣ ስለ አገራችን ካልሆነ በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

የወንድሜ ጉዳይ እንዲህ ነው። በ2011 ዱባይ ገባ። በዓመቱ አንድ ደላላ «የአሜሪካኖች ካምፕ ሥራ አለ፣ በወር 800 ዶላር» ብሎ 2,500 ዶላር ተቀበለው። ብሩ ከእኔም ከእናታችንም ተሰብስቦ የተከፈለ ነው። አፍጋኒስታን ውስጥ ባለ አንድ የጦር ሰፈር ልብስ ማጠቢያ ውስጥ አስገቡት፤ ደመወዙ 500 ሆነ፤ ፓስፖርቱን ሰብስበው ያዙበት። በቀን 12 ሰዓት የወታደር ልብስ እያጠበ 14 ወር ሠራ። የመጨረሻዎቹን የሦስት ወር ደመወዙን ሳይሰጡት ወደ ዱባይ መለሱት፤ እዚያ ሲደርስ ቢሮው ተዘግቶ አገኘው። የድርጅቱን ስም እዚህ አልጽፍም። ጽሑፌ ስለ ድረ ገጹ ነው፤ የስሙም ነገር ኋላ እንደምታዩት ራሱን የቻለ ጉዳይ ሆኖብኛል።

ወረቀቱ የፈቃድ ደብዳቤ ነው። በጦር ሰፈር ለተቋራጭ የሚሠራ ሲቪል እንዲህ ያለ ደብዳቤ ይይዛል፤ የት መግባት እንደሚችል፣ የት እንደሚበላ፣ በየትኛው ውል ሥር እንደሚሠራ ይጻፍበታል። ወንድሜ የውል ቁጥሩን አሥር ዓመት ሙሉ የራሱ የመታወቂያ ቁጥር እየመሰለው ይዞት ኖረ።

ድረ ገጹ የመጣው በ2006 በወጣ ሕግ ነው። ሕጉን ያቀረቡት የኦክላሆማው ሪፐብሊካን ቶም ኮበርንና ያኔ የኢሊኖይ ሴናተር የነበሩት ባራክ ኦባማ ናቸው፤ የፈረሙት ጆርጅ ቡሽ። በታኅሣሥ 2007 ተከፈተ፤ በ2014 የወጣ ሌላ ሕግ ደግሞ መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ሒሳባቸውን በአንድ ዓይነት መልክ እንዲያስገቡ አስገደደ። ዛሬ የሚያስተዳድረው የገንዘብ ሚኒስቴሩ ነው። ገንዘብ አይጠይቅም፣ ስም አያስመዘግብም፣ ዜግነትም አይጠይቅም። ደሴ ሆኖ የሚከፍተውም ዋሽንግተን ሆኖ የሚከፍተውም የሚያየው አንድ ነው። ይህን ደጋግሜ ለደንበኞቼ የምነግረው ብዙዎቻችን የመንግሥት መዝገብ ሲባል በሰው በሰው፣ በእጅ መንሻ የሚከፈት ነገር ስለሚመስለን ነው።

ቁጥሩን አስገባሁ። ገጹ ተከፈተ።

ሰላሳ ሰከንድ እንኳ አልፈጀም። ዋናው ተቋራጭ ማን እንደሆነ፣ ውሉ መቼ እንደተፈረመ፣ ዋጋው መጨረሻ ላይ የት ሊደርስ እንደሚችል፣ እስካሁን መንግሥት ስንት ለመክፈል ግዴታ እንደገባ በሦስት ቁጥር ተደርድሯል። እኔ ሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ወዲያው የወረድኩት ወደ ማሻሻያዎቹ ዝርዝር ነው። አንድ ውል በተፈረመበት ዋጋ አያልቅም፤ ይጨመርበታል፣ ይቀነስበታል፣ ይራዘማል። እዚህ ላይ እያንዳንዱ ጭማሪ ከነቀኑና ከነገንዘቡ ተጽፏል። ዝቅ ብሎ ደግሞ ጨረታው ክፍት ነበር ወይስ አልነበረም፣ ስንት ተጫራች ቀረበ የሚል አለ። ለእኔ የዚህ አገልግሎት ነፍሱ እዚህች መስመር ላይ ነው። «የቀረቡ ዋጋዎች ብዛት፦ 1» የሚል ካያችሁ ቆም በሉ።

ሌላም ያልጠበቅኩት ነገር አገኘሁ። ሕጉ ከመንግሥት ብዙ የሚበሉ ድርጅቶች የአምስቱን ከፍተኛ ኃላፊዎቻቸውን ስምና ክፍያ እንዲያሳውቁ ስለሚያዝዝ፣ እሱም ገጹ ላይ ተቀምጧል። የመጀመሪያው ስም ፊት ያለውን ቁጥር በወንድሜ የዓመት ደመወዝ፣ በ6,000 ዶላር፣ አካፈልኩት። ከአንድ ሺህ በላይ መጣ። ካልኩሌተሩን አጥፍቼ እንደገና አበራሁትና ደግሜ አካፈልኩ። ያው ነው።

ለምን ቁጥሮቹ እንዲህ እንደሚያብጡ ለማይገባው አንባቢ አንድ ነገር ላስረዳ፤ ያለዚህ ድረ ገጹን አይቶ መረዳት አይቻልም። የውል ዓይነት የሚል መስመር አለ። አንዳንዱ ቁርጥ ዋጋ ነው፦ ይህን ሥራ፣ በዚህ ዋጋ፣ አለቀ። ሌላው ግን «ወጪ ሲደመር ክፍያ» ነው። ተቋራጩ ያወጣውን የተፈቀደ ወጪ መንግሥት ይመልስለታል፣ በላዩ ላይ ትርፍ ይጨምርለታል። በኢራቅ ጦርነት ጊዜ የአሜሪካን ጦር ያበላው፣ ያስተኛው፣ ልብሱን ያጠበለት ሎግካፕ 3 የተባለው ትልቅ ውል የዚህ ዓይነት ነበር። በታኅሣሥ 2001 ኬቢአር የተባለው ድርጅት ወሰደው፤ ኬቢአር ያኔ ሃሊበርተን የተባለው የነዳጅ አገልግሎት ኩባንያ አካል ነው። መነሻ ትርፉ 1 በመቶ፣ አፈጻጸሙ ታይቶ የሚጨመርለት ደግሞ እስከ 2 በመቶ። ጥቂት ይመስላል። ነገር ግን ውሉ ከ30 ቢሊዮን ዶላር በላይ የፈሰሰበት ነው፤ ትርፉም የሚሰላው ከሥራው ከተገመተው ወጪ ላይ ስለሆነ ግምቱ ሲያድግ አብሮ ያድጋል። ደሴ ላይ ቤት የሚያሠራ ሰው ግንበኛውን «ያወጣኸውን ሁሉ እከፍልሃለሁ፣ በላዩም ትርፍ እጨምርልሃለሁ» ብሎ አይዋዋልም። እናቴ ያስጠገነችው አጥር እንኳ ድንጋዩ በቢያጆ ተቆጥሮ፣ የእጅ ዋጋው ተቆርጦ ነው። ጦርነት ሲሆን «ሥራው ምን ያህል እንደሚሆን አስቀድሞ አይታወቅም» ይባላል፤ እውነትም አለው። መንግሥትም ለዚያ ነው የሚቀበለው። ግን ያኔ ወጪውን የሚቆጣጠር ዓይን ያስፈልጋል፤ ያ ዓይን ደግሞ ኢራቅ ላይ ዘግይቶ ነው የመጣው።

የሃሊበርተን ነገር በአገራችን ሰው ዘንድ እንደ ወሬ ብቻ ይወራል፤ መዝገቡ ግን ይታወቃል። ዲክ ቼኒ ከ1989 እስከ 1993 የመከላከያ ሚኒስትር ነበሩ። የመጀመሪያው ሎግካፕ ውል በ1992 ለብራውን ኤንድ ሩት፣ ለዛሬው ኬቢአር፣ የተሰጠው በእሳቸው ጊዜ ነው። ከ1995 እስከ 2000 ሃሊበርተንን መሩ። በ2001 ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ። በመጋቢት 2003 የኢራቅን የነዳጅ ጉድጓዶች መልሶ የማቋቋም ሥራ፣ እስከ 7 ቢሊዮን ዶላር ሊደርስ የሚችል፣ ያለ ጨረታ ለኬቢአር ተሰጠ። በጦሩ የኢንጂነሮች ጓድ የግዢ ከፍተኛ ኃላፊ የነበሩት ቡናቲን ግሪንሀውስ የተባሉ ሴት የውሉን ርዝመት ተቃውመው፣ ከፊርማቸው አጠገብ በእጃቸው ጽፈው ነበር። በ2005 ከሥልጣናቸው ዝቅ ተደረጉ፤ በ2011 ከመንግሥት ጋር ታርቀው 970 ሺህ ዶላር ተከፈላቸው። እኚህን ሴት ሳስብ ልቤ ይነካል። ሰነድ የሚፈርም ሰው ሁሉ አንድ ቀን እዚያ ቦታ ይቆማል፤ እሳቸው እስክሪብቶውን አንሥተው ጻፉ።

ታዲያ ያንን የ2003ቱን ውል እዚህ ድረ ገጽ ላይ ብትፈልጉት? ተራው ፍለጋ የሚጀምረው ከ2008 የበጀት ዓመት ነው። ከ2001 ወዲህ ያለው መረጃ ተጠቅልሎ በፋይል ይወርዳል፤ ግን ትልልቅ ሠንጠረዥ መክፈት የለመደ ሰው ካልሆነ አይጠቀምበትም። በሌላ አባባል የኢራቅ መልሶ ግንባታ ከፍተኛ ገንዘብ የፈሰሰበት ዘመን፣ ተራ ሰው በቀላሉ በሚያይበት መስኮት ውስጥ የለም። ኮከቡን መቀነስ የጀመርኩት እዚህ ላይ ነው።

ያን ዘመን ለማየት ሌላ ሰነድ መጨመር ግድ ነው። የኢራቅ መልሶ ግንባታ ልዩ ዋና ኢንስፔክተር መሥሪያ ቤት ከ2004 እስከ 2013 ሠርቷል፤ ተዘግቶም ሪፖርቶቹን የሰሜን ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት በድረ ገጹ አቆይቷቸዋል። መሪው ስቱዋርት ቦወን ቀድሞ ቴክሳስም ዋይት ሀውስም ከቡሽ ጋር የሠሩ ሰው ናቸው። ይሸፍናሉ ብሎ የጠበቀ ሰው ብዙ ነበር፤ እሳቸው ግን የእስር ቤት ግንብ ሳይቀር ቆመው መረመሩ። ዲያላ ውስጥ ፓርሰንስ የተባለው ድርጅት የጀመረው የካን በኒ ሳድ እስር ቤት 40 ሚሊዮን ዶላር ፈሶበት አንድ እስረኛ ሳይገባበት ቀረ። ባግዳድ የፖሊስ ኮሌጅ ውስጥ ደግሞ የሽንት ቤት ፍሳሽ በጣራው ወደ መኝታ ክፍሎች ይወርድ ነበር። በመጋቢት 2013፣ መሥሪያ ቤቱ ሊዘጋ ሲል፣ ለመልሶ ግንባታ ከዋለው ወደ 60 ቢሊዮን ዶላር ውስጥ ቢያንስ 8 ቢሊዮኑ ባክኗል ብለው ጻፉ። ከእሳቸው ሁለት ዓመት ቀድሞ ምክር ቤቱ ያቋቋመው የጦርነት ጊዜ ውሎች ኮሚሽን ኢራቅንና አፍጋኒስታንን ደምሮ ከ31 እስከ 60 ቢሊዮን ዶላር በብክነትና በማጭበርበር ጠፍቷል ብሎ ነበር።

የአፍጋኒስታኑ ኢንስፔክተር ሪፖርት ላይ ያነበብኩት አንድ ነገር ግን ከሁሉም በላይ ከአእምሮዬ አልወጣም። ለአፍጋን አየር ኃይል ጂ222 የተባሉ 20 ያገለገሉ የጭነት አውሮፕላኖች ተገዙ፤ ግማሽ ቢሊዮን ዶላር ያህል ወጣባቸው። መለዋወጫ ጠፋ፣ መብረር አቃታቸው፤ 16ቱ ተቆራርጠው አንድ ፓውንዱ በ6 ሳንቲም ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጡ። አሁን ልብ በሉ፦ በአሜሪካ አየር ኃይል ውስጥ ሆነው በፕሮግራሙ ላይ ብዙ የሠሩ አንድ ጄነራል ጡረታ ወጥተው የሻጩ ኩባንያ ዋና ተወካይ ሆነው ቀርበዋል። ኢንስፔክተሩ ግልጽ የጥቅም ግጭት ነው አለ፤ ዐቃቤ ሕግ ግን ክስ አልመሠረተም። ታክሲ ነጂው ደንበኛዬ ይህን ሳነብለት ዝም ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

ወደ ወንድሜ ገጽ ልመለስ። ዋናውን ተቋራጭ አገኘሁት፤ ከትልልቆቹ አንዱ ነው። ቀጥሎ ንዑስ ተቋራጮች የሚለውን ተጫንኩ። ብዙ ስም አለ፦ ምግብ አቅራቢ፣ ነዳጅ አመላላሽ፣ ጄነሬተር አከራይ። የኩዌት፣ የዱባይ፣ የቱርክ ስሞች። የወንድሜን ቀጣሪ በእንግሊዝኛ በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ሞከርኩት። የለም።

ለምን እንደሌለ ያወቅሁት የሕጉን አሠራር ካነበብኩ በኋላ ነው። ዋናው ተቋራጭ የማሳወቅ ግዴታ ያለበት በቀጥታ ከእሱ ጋር የተዋዋሉትን ብቻ ነው፤ በወንድሜ ጊዜ ከ25 ሺህ ዶላር በላይ የሆነውን። ከዚያ በታች ያለው አይጻፍም። ወንድሜ ደግሞ የነበረው ሦስተኛው እርከን ላይ ነው፦ መንግሥት ለትልቁ፣ ትልቁ ለአንድ የባሕረ ሰላጤው ድርጅት፣ ያ ድርጅት ለልብስ አጣቢው፣ ልብስ አጣቢው በደላላ በኩል ለወንድሜ። የኔፓል፣ የፊሊፒንስ፣ የህንድ፣ የኡጋንዳ ልጆችም በዚሁ ሰንሰለት ነው የገቡት። በነሐሴ 2004 ወደ ኢራቅ የጦር ሰፈር ሲወሰዱ ተይዘው የተገደሉት 12 የኔፓል ልጆች ዮርዳኖስ አገር ሆቴል ውስጥ እንሠራለን ብለው የወጡ ነበሩ። ገንዘቡ ከላይ ሲነሣ በዶላር ሳንቲሙ ሳይቀር ተመዝግቧል፤ ወደ ሰውዬው እጅ ሲጠጋ መብራቱ ይጠፋል። አምስተኛውን ኮከብ የከለከልኩት ለዚህ ነው።

ሌላም አለ። አፍጋኒስታንንና ኢራቅን መርጣችሁ የተቀባዮችን ዝርዝር ስታወጡ «ልዩ ልዩ የውጭ ተቀባዮች» የሚል ስም ታያላችሁ። ድርጅት አይደለም። ስማቸው እንዳይገለጽ የተደረገ፣ ወይም ራሳቸውን የቻለ መለያ ቁጥር ያልወጣላቸው የውጭ አገር ሰዎችና ድርጅቶች በአንድ ጥላ ሥር የሚገቡበት ነው። ከጦርነቱ ጋር የሠራ የአገሬው ሰው በስሙ ምክንያት እንዳይገደል መጠበቅ አለበት፤ ይህን አልቃወምም። ግን ሰላም ከሆነ ከዓመታት በኋላ መዝገቡ ለምን አይከፈትም? የመከላከያ ሚኒስቴር ውሎችም 90 ቀን ዘግይተው ነው የሚወጡት፤ እሱ ለእኔ ብዙም ጉዳት አይደለም።

በመስከረም 2012፣ ልክ ወንድሜ ፓስፖርቱን በተነጠቀበት ዓመት፣ ኦባማ በመንግሥት ውል ውስጥ ሠራተኛን የቅጥር ክፍያ ማስከፈልንም ፓስፖርት መያዝንም የሚከለክል ትእዛዝ ፈርመዋል። ትእዛዙ ንዑስ ተቋራጮችንም ይይዛል። እኔ ያነበብኩት አሁን ነው፤ ወንድሜ የነገርኩት ቀን «ታዲያ ማን ሊነግረን ነበር?» አለኝ። በዚህ ሥራ ላይ ተጎድቶ የተመለሰ ሰው ካለ ደግሞ፣ ከ1941 ጀምሮ የአሜሪካ ተቋራጮች በውጭ አገር ለሚያሠሩት ሰው፣ ዜግነቱ ምንም ይሁን ምን፣ የጉዳት ካሣ መድን እንዲገቡ የሚያስገድድ ሕግ አለ። የምታውቁት ሰው ካለ ንገሩት።

እውነቱን ለመናገር ይህን ድረ ገጽ ሳይ የሚታየኝ አገሬ ነው። የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ሜቴክ፣ በ2002 ዓ.ም. ሲቋቋም የጦር ፋብሪካዎችን ይዞ፣ በመኮንኖች እየተመራ፣ የስኳር ፋብሪካውንም፣ የያዩ ማዳበሪያውንም፣ የሕዳሴ ግድቡን የብረት ሥራም ወሰደ። ኅዳር 3 ቀን 2011 ዓ.ም. የወቅቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ብርሃኑ ፀጋዬ መግለጫ ሲሰጡ፣ ተቋሙ በስድስት ዓመት ውስጥ 37 ቢሊዮን ብር የሚደርስ የውጭ ግዢ ያለ ጨረታ ፈጽሟል አሉ። ያን ቀን ሁላችንም በቴሌቪዥን ሰማን። እኔን ያንገበገበኝ ገንዘቡ ብቻ አልነበረም፤ በስድስቱ ዓመት ውስጥ አንድ ተራ ሒሳብ ሠራተኛ ገብቶ «የቀረቡ ዋጋዎች ብዛት፦ 1» የሚለውን የሚያይበት ገጽ ቢኖር ኖሮ ጥያቄው በመጀመሪያው ዓመት ይነሣ ነበር።

አሁን ደግሞ ከሰሜኑ ጦርነት በኋላ የሚሠራው ብዙ ነው። እኔ የተወለድኩበት ደሴ ሆስፒታል በ2014 ዓ.ም. አልጋው፣ መሣሪያው፣ መድኃኒቱ ሳይቀር ተዘርፎ አይተናል። ከዚህ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ገንዘብ አዋጥተናል፤ መዝገቡን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ ማን ስንት እንደሰጠ እስከ 5 ዶላር ድረስ ተጽፏል። አገር ቤት ኢጂፒ የተባለው የኤሌክትሮኒክ የመንግሥት ግዢ ሥርዓት ተጀምሯል፤ ደስ ይለኛል። የምለምነው ትግራይም ሆነ ወሎ ሆነ አፋር የሚገነባው እያንዳንዱ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ፣ አሸናፊው ከነንዑስ ተቋራጩ፣ እስከ ቀን ሠራተኛው ቀጣሪ ድረስ፣ በአንድ ገጽ እንዲታይ ነው። አሜሪካኖቹ የቀሩባትን እርከን እኛ ብንጨምራት የሚያቅት ነገር አይደለም። ቢያጆ የሚቆጥር ሰው እርከን መቁጠር አያቅተውም።

ለመጠቀም ለምትፈልጉ ጥቂት ነገር። አድቫንስድ ሰርች ከሚለው ግቡ። በድርጅት ስም ከፈለጋችሁ አንድ ኩባንያ ብዙ ስም ስላለው ሁሉንም ሞክሩ፤ ቅርንጫፎቹ ለየብቻ ይቀመጣሉ። ትልልቆቹ ውሎች ጥላ ውል ናቸው፤ ገንዘቡ ያለው ከሥራቸው ባሉት የሥራ ትእዛዞች ላይ ስለሆነ ጥላው ላይ ዜሮ ብታዩ አትደንግጡ፣ ወደ ታች ውረዱ። የሥራውን ቦታ በአገር መምረጥ ይቻላል፤ ኢትዮጵያን መርጣችሁ ብታዩ የሚጠቅማችሁ ነገር ታገኛላችሁ፣ እኔ አንድ ሙሉ ቅዳሜ አሳልፌበታለሁ።

ለወንድሜ ገጹን አትሜ፣ የዋናውን ተቋራጭ ስምና አድራሻ ከላይ አስምሬ፣ ከደብዳቤ ጋር ለኩባንያው የሥነ ምግባር ክፍል ልኬለታለሁ። ሦስት ወር፣ 1,500 ዶላር። መልስ ገና አልመጣም፤ ቅጂውን ግን ደሴ ደርሶለት ከወረቀቱ ጋር አስቀምጦታል።

እንደ እሱ ያለ ወረቀት ቤታችሁ ካለ፣ ቁጥሩን ስታስገቡ በመሐል ያሉትን ሰረዞች አውጥታችሁ ፊደሉንና ቁጥሩን አያይዛችሁ ጻፉት። እኔ መጀመሪያ ከነሰረዙ አስገብቼ የለም ብሎኝ፣ ልተወው ትንሽ ነበር የቀረኝ።